ቤቱ ሳይለወጥ ልጁ ይቀንሳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ከጎጃም የተጻፉ ናቸው፣ ሦስቱም ስለ ልጅ ውፍረት። የመጀመሪያው አብዛኛውን ቦታ ወስዶታል፣ ሌሎቻችሁ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ከደብረ ማርቆስ ነው። ልጄ በቅርቡ 9 ዓመት ሞላው። የዛሬ ዓመት ገደማ ለጉንፋን ጤና ጣቢያ ወስጄው ሲመዝኑት "ይኼ ልጅ ኪሎው በዝቷል" አሉኝ። ደንግጬ ቤት ስገባ እራቱን ቀነስኩበት። ዳቦ ከለከልኩት። እኛ ዶሮ ስንበላ ለሱ ሰላጣ አቀረብኩለት። በአንድ ወር 2 ኪሎ ቀነሰ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ በዓል መጣ፣ ሁሉም ተመለሰ፣ እንዲያውም ጨመረ። ባለፈው ሳምንት 38 ኪሎ ሆኗል፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ32 ነው። አሁን ደግሞ ተደብቆ መብላት ጀምሯል፣ ፍራሹ ሥር የብስኩት ላስቲክ አገኘሁ። አሜሪካ ያለችው እህቴ "እዚህ ቤተሰብ በሙሉ የሚገባበት ፕሮግራም አለ፣ ልጄን ሳስገባ እኔም አብሬ ነው የምማረው" አለችኝ። እውነት ይሠራል? ቢሠራስ ይቆያል ወይስ እንደኔው የአንድ ወር ነገር ነው? እኔም ባሌም ወፍራሞች ነን። በዘር ከሆነ ልጁን ለምን አሠቃየዋለሁ?

የልጅ እናት፣ ደብረ ማርቆስ

መልስ

እህቴ፣ ከላስቲኩ ልጀምር። አትቆጪው፣ ፍራሹንም ደግመሽ አትፈትሺ። ልጁ የደበቀው ርቦት ብቻ አይደለም። በኛ ቤት ሁሉም ከአንድ መሶብ ሲበላ ለብቻው ሰሃን የሚቀርብለት ማን ነው? ወይ የታመመ ነው፣ ወይ የተጣላ፣ ወይ ጸበል ገብቶ የመጣ። ልጅሽ ሳይታመም ሳይጣላ በገዛ ቤቱ ሰላጣውን ይዞ ጥግ ተቀመጠ። የዶሮው ሽታ ደግሞ ከፊቱ ነው። እኔ ብሆንም እደብቃለሁ።

ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ሕፃናት ክፍል በሠራሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት እኔ ራሴ ስንቷን እናት "እራቱን ቀንሺለት" ብዬ እንደሸኘሁ አልቆጥረውም። ቀላል ምክር ነው፣ ለመናገር ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። በሦስት ወር ተመልሰው ይመጡ ነበር፣ ልጁ ጨምሮ፣ እናትየዋ ተስፋ ቆርጣ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እህትሽ ያለችሽ ፕሮግራም ይሠራል። ለአንዳንዱ ልጅ ዓመታት ይቆያል፣ ለሁሉም ግን አይደለም። ከየት አመጣሽው ካልሽኝ፣ አሜሪካ ውስጥ ሊዮናርድ ኤፕስታይን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ፣ ይህን ነገር ለረጅም ጊዜ የተከታተለ ነው። እሱና ባልደረቦቹ ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው ወፍራም ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር በሦስት ቡድን ከፈሉ። እዚህ ጋ ልብ በይ፦ ሦስቱም ቡድን ስለ አመጋገብ፣ ስለ እንቅስቃሴና ስለ ልማድ አለዋወጥ ተመሳሳይ ትምህርት ነው የተማረው። የተለያየው ሽልማቱ ነው። በመጀመሪያው ቡድን ልጁም ወላጁም ልማዳቸውን ሲለውጡና ሲቀንሱ ሁለቱም ይበረታታሉ። በሁለተኛው የሚበረታታው ልጁ ብቻ ነው። በሦስተኛው ደግሞ ቤተሰቡ ስለመጣ ብቻ ይበረታታል።

ከዚያ 10 ዓመት ጠበቁ። ውጤቱ የወጣው በ1990 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የለኩት ልጁ ለዕድሜውና ለቁመቱ ከሚጠበቀው ክብደት በስንት በመቶ እንደሚበልጥ ነው። ያንቺን ልጅ ብንወስድ፣ በዚህ ቁመትና ዕድሜ መሐለኛው ልጅ ወደ 28 ኪሎ ይመዝናል፣ ስለዚህ ያንቺው ወደ 36 በመቶ ገደማ ይበልጣል ማለት ነው። እንግዲህ ወላጅና ልጅ አብረው የተበረታቱበት ቡድን ልጆች በ10ኛው ዓመት በዚህ መቶኛ ከመነሻቸው 7.5 ነጥብ ዝቅ ብለው ተገኙ። ልጁ ብቻ የተበረታታበት 4.5 ከፍ አለ። በመገኘት ብቻ የተበረታታው ደግሞ 14.3 ከፍ አለ። የመሐለኛውን ቡድን ከሁለቱ ከአንዳቸውም ለይቶ በእርግጠኝነት ለመናገር ልዩነቱ አልበቃም፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መሐል ያለው ግን ግልጽ ነው። ያው ትምህርት፣ ያው ምግብ። ልዩነቱ ልጅም ወላጅም አብረው ስለለወጡት ልማድ ተበረታቱ ወይስ ስለመጡ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ ላፍስስብሽ። በ1994 ይኸው ቡድን የአራት ጥናቶችን የ10 ዓመት ውጤት አንድ ላይ አቀረበ። ከልጆቹ 34 በመቶው በዚያው መቶኛ ከመነሻቸው 20 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሰው ቆይተዋል። 30 በመቶው ደግሞ ከከባድ ውፍረት መስመር ወጥተዋል። ከሦስት አንዱ ማለት ነው። የቀሩት ሁለቱስ? ከፊሉ ትንሽ ቀንሶ፣ ከፊሉ ወደነበረበት ተመልሶ። ስለዚህ "ቤተሰብ ከገባበት አለቀ" የሚልሽ ሰው ካለ እያሳመረው ነው። ግን 10 ዓመት ነው። አንቺ የያዝሽው ከአንድ ወር አላለፈም።

እኔ በጣም የምወደው ሌላ ጥናት አለ፣ ከእስራኤል። ሞሪያ ጎላን የምትባል ተመራማሪ ልጆቹን ቤት ተዋቸው አለች። ትምህርቱን ለወላጆች ብቻ ሰጠች፣ በሌላው ቡድን ደግሞ ለልጆቹ ብቻ። ከ7 ዓመት በኋላ ወላጆቹ ብቻ የተማሩባቸው ልጆች ትርፍ ክብደታቸው በአማካይ በ29 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፣ ራሳቸው የተማሩት ልጆች ደግሞ በ20 በመቶ። አስቢው፣ ልጁ ትምህርቱ ላይ ሳይገኝ!  ዱቄቱንም ዘይቱንም ስኳሩንም የሚገዛው ወላጅ ነው፣ ስለዚህ ወላጁ ተማረ።

በ2023 የወጣው ደግሞ እንዳንቺ ላለ ቤተሰብ ነው። 452 ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር፣ በየሕፃናት ሐኪማቸው ክሊኒክ፣ ለ2 ዓመት። ፕሮግራሙን የወሰዱት ልጆች ተሻሻሉ፣ ወላጆቻቸውም ተሻሻሉ። ከሁሉ የገረመኝ ማንም ያላከማቸው ወንድምና እህቶቻቸው ጭምር መሻሻላቸው ነው። ቤቱ ውስጥ የገባ ነገር መርጦ አይዳረስም።

ዘር አለ፣ አልክድም። እናትና አባት ወፍራም ከሆኑ ልጁ የመወፈር ዕድሉ ሰፊ ነው። ግን ከናንተ የወረሰው ደም ብቻ አይደለም፣ ሻዩ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚገባም ከናንተ ነው የወረሰው። ይኼኛውን መለወጥ ይቻላል።

እዚያ አገር ምን ያደርጋሉ ለሚለው፣ ዋናው መሣሪያቸው የትራፊክ መብራት ነው። ምግብ በሦስት ቀለም ይከፈላል። አረንጓዴውን እንደልብ፣ ቢጫውን በልክ፣ ቀዩን ደግሞ በሳምንት ተቆጥሮ። ቀዩ አይከለከልም፣ ይቆጠራል። ወደ ጎጃም ሳመጣው፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመን አረንጓዴ ናቸው። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ክክ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የተቀቀለ ድንች፣ ቆሎ ቢጫ። ለስላሳ፣ ብስኩት፣ ቦምቦሊኖ፣ ከረሜላ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንችና ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ቀይ። 300 ሚሊ የምትይዘው አንዷ የለስላሳ ጠርሙስ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለባት። የአዴትና የቢቸና ጤፍ ያለበት አገር ላይ እየኖርን ጥፋተኛው እንጀራ ነው ስትሉ ይገርመኛል። ልጆቻችን አያቶቻቸው የበሉትን እንጀራ በልተው አይደለም የወፈሩት።

ከዚያ ደብተር አለ። ልጁም ወላጁም ቀይ ምግብ ስንቴ እንደበሉ፣ ስንት ደቂቃ እንደተራመዱ ይጽፋሉ። በሳምንት አንዴ ቁጭ ብለው ያዩታል። ሽልማት አለ፣ ግን ምግብም ገንዘብም አይደለም። አባቱ ከሱ ጋር ኳስ ይጫወታል፣ ቅዳሜ የት እንደሚሄዱ ልጁ ይመርጣል፣ እንዲህ ያለ። አንድ ሌላ ነገር፣ ኤፕስታይን በ1995 ያወጣው ነው፦ ልጅን "ስፖርት ሥራ" እያሉ ከማበረታታት ይልቅ ከቲቪ ፊት የተነሣበትን ጊዜ ማበረታታት በአንድ ዓመት ውስጥ የተሻለ ውጤት አመጣ። ዛሬ ቲቪውን ስልክ በይው።

ጊዜም ይፈልጋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2023 መመሪያው የሚመክረው ከባለሙያ ጋር ቢያንስ 26 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ወረቀት ይዞ መመለስ ጋር አታወዳድሪው። ክትትሉ ሲቆም ደግሞ ብዙ ልጅ ቀስ በቀስ ይመለሳል፣ እንኳን እኛ ጋ እዚያም። እኔ ከዚህ የተማርኩት ይህ የሦስት ወር ዘመቻ አለመሆኑን ነው። ባለሙያው ሲሄድ ቤቱ ውስጥ የሚቀር ነገር ካለ ይቆያል።

እንግዲህ ደብረ ማርቆስ ላይ ሆነሽ ምን ታደርጊያለሽ? ሰላጣውን ተዪው፣ ወይም ለሁላችሁም አቅርቢው። ከዛሬ ጀምሮ አንድ መሶብ፣ አንድ ወጥ። መሶቡ ላይ ጎመኑ ይብዛ፣ ዘይቱ ይቀንስ፣ የአባትየው ድርሻም ጭምር። ለስላሳ ቤት አይግባ፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይገዛ። የሻዩን ስኳር በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሺ፣ ማንም አያውቅብሽም። ትምህርት ቤት በባጃጅ የሚሄድ ከሆነና መንገዱ በእግር 20 ደቂቃ ከሆነ፣ ቢያንስ መሄጃውን አብራችሁ በእግር ሂዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል፣ ሲከፋፈል ያልቃል። በዚህ ጊዜ ልጅን አመሻሽ ላይ ደጅ መልቀቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት የምልሽ። በጊዜ ይተኛ፣ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ስልኩ መኝታ ቤት አይግባ፣ ያንቺም።

ኪሎ እንዲቀንስ አትጠብቂ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ስለዚህ ቁጥሩን ልሥራልሽ። 38 ኪሎን ለቁመቱ ሁለት ጊዜ ስናካፍለው 21.8 ይመጣል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለ9 ዓመት ወንድ ልጅ ከባድ ውፍረት የሚባለው ከ20.5 በላይ ነው፣ አልፎታል። አሁን ኪሎው እዚያው 38 ላይ ቢቆምና ቁመቱ በዓመት 6 ሴንቲ ቢጨምር፣ በ10 ዓመቱ 1 ሜትር ከ38 ይሆናል፣ ቁጥሩ ወደ 20 ይወርዳል። የ10 ዓመት መስመር 21.4 ስለሆነ ከከባዱ ወጣ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት 5 ሴንቲ ብቻ ቢጨምር 18.6 ይመጣል፣ ይህ ለ11 ዓመት ልጅ ጤናማው ክልል ነው። አንድም ኪሎ ሳይቀንስ! በርግጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ኪሎው ድርቅ ብሎ አይቆም ይሆናል፣ አንድ ሁለት ቢጨምርም መንገዱ ላይ ነው። ኪሎው ወርዶ ያስደሰተሽ ያ ወር ለሚያድግ ልጅ አያስፈልገውም ነበር።

ሐኪም ጋ የምትሄጂው መቼ ነው? ተኝቶ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ እየተቆረጠ የሚመለስ ከሆነ፣ አንገቱ ዙሪያ ቆዳው ጠቁሮ ወፈር ካለ፣ ውኃ እየጠጣ ሽንት ካበዛ፣ ጉልበቱን ወይ ዳሌውን አሞት ካነከሰ፣ ወይም እየወፈረ ቁመቱ ከቆመ። ይህ የመጨረሻው ከሆርሞን ሊሆን ይችላል። ደግሞም ለአስምም ይሁን ለቆዳ ስቴሮይድ ያለበት መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ወስዶ እንደሆነ ንገሪያቸው።

ጥያቄ

ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፣ ከፍኖተ ሰላም። የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፣ እናቱ ሥራ ትውላለች። አሁን "እማ፣ አታጉርሺው፣ ቅቤም አታብዢበት" ትለኛለች። 7 ዓመቱ ነው፣ ደንደን ያለ ነው፣ እኔ ምንም አይታየኝም። እኔ የማውቀው የከሳ ልጅ ነው የሚታመም። ጉርሻ መከልከል ደግሞ እንዴት ያለ ዘመን ነው?

እማማ፣ ፍኖተ ሰላም

መልስ

እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ። እውነትዎን ነው፣ እርስዎ ባሳደጉበት ዘመን የከሳ ልጅ ነበር የሚሞተው። ኩፍኝ ሲገባ መጀመሪያ የሚወስደው እሱን ነው። ወፈር ያለ ልጅ ደግሞ ለክፉ ቀን ስንቅ ያለው ነው። ያ ዕውቀት ስሕተት አልነበረም፣ ልጅዎንም ያሳደጉት በሱ ነው። ዛሬ የልጅ ልጅዎ በር ላይ ያለው ሱቅ ግን ያኔ አልነበረም።

ጉርሻ አይከልክሉ፣ ይተዉ አልልዎትም። አንድ ጉርሻ ፍቅር ነው። ሁለተኛው እንዳያጣላ ነው፣ ሦስተኛውም ይሁን። ችግሩ ልጁ "በቃኝ" ካለ በኋላ "በሞቴ" ተብሎ የሚገባው ነው። ልጅ ሲጠግብ ያውቃል። እምቢ እያለ ስናጎርሰው ያንን የሚያውቅበትን ነገር እናጠፋበታለን። ስለዚህ "በቃኝ" ሲል "እሺ የኔ ጌታ" ይበሉትና ያቁሙ። ቅቤውን ከልጅዎ ጋር ይስማሙ፣ እሷ አንድ ነገር እርስዎ ሌላ ነገር ከሆናችሁ ልጁ በመሐል ነጋዴ ይሆናል፣ እሷ የከለከለችውን ከርስዎ ይገዛል። ወላጅ ወላጅ የሚሉት እነዚያ ፕሮግራሞች የሚፈልጉት ድስቱን የያዘውን ሰው ነው። በናንተ ቤት ድስቱን የያዙት እርስዎ ነዎት።

አንድ ልመና ግን አለኝ። "ዱባዬ"፣ "ድንቡሼ" እያሉ የሚጠሩት ከሆነ በስሙ ይጥሩት። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ ግን ያንኑ ስም በሌላ ድምፅ ይሰማዋል፣ መምህርት ስለነበሩ ይህን እኔ አልነግርዎትም።

ጥያቄ

እኔ ከቡሬ ነኝ። ባለፈው እትም ስለ ልጅ ውፍረት አንድ መሥመር ጣል አድርገሽ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ገጠሩ ውስጥ ልጅ በርቦት እያደረ ስለ ውፍረት ማውራት የጠገበ ሰው ወሬ አይደለም?

አንባቢ፣ ቡሬ

መልስ

ወንድሜ፣ ግማሹን ትክክል ነህ። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 38 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ፣ የቀነጨሩ ነበሩ። አማራ ክልል ላይ 46 በመቶ። ያ ሁሉ ጤፍ፣ በቆሎና ድንች የሚወጣበት አገር! ከልክ ያለፈ ክብደት የነበራቸው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የትኛው ይብሳል ብለህ ከጠየቅከኝ መልሱ አያከራክርም። ይህን ዓምድ አንብቦ ለቀጨጨ ልጁ እንቁላልና ወተት የሚቀንስ ሰው ካለ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።

ግን የምጽፍለት ሰው ባሕር ዳር፣ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እዚያው ቡሬ ከተማ ውስጥም አለ። ያቺ እናት ፍራሽ ሥር ላስቲክ ያገኘችው በሕልሟ አይደለም። ደግሞ ሁለቱ ችግሮች አንዳንዴ አንድ ልጅ ላይ ይገናኛሉ። በልጅነቱ ቀንጭሮ ቁመቱ ያጠረ ልጅ ቤተሰቡ ከተማ ሲገባ ብስኩትና ለስላሳ ይጀምራል፣ ሆዱ ይሞላል፣ ዓይንህ "ወፈረ" ይልሃል፣ ቁመቱን ስትለካው ግን የቀድሞው ችግር እዚያው አለ። ለሱ የሚያስፈልገው ምግብ መቀነስ ሳይሆን ምግቡን መለወጥ ነው፣ ለስላሳው ወጥቶ እንቁላሉና ባቄላው ይግባ። ይህን ለመለየት ክብደት ብቻውን ምንም አይነግርም። ልጅህን ጤና ጣቢያ ወስደህ ክብደቱን ብቻ መዝነው ከሸኙህ፣ ተመለስና ቁመቱንም እንዲለኩልህ ጠይቃቸው።